በቃል የተያዘ ቃል

ከኢያሪኮ በስተ ምዕራብ ዛፍ የማይታይበት ገደላማ ምድረ በዳ አለ። ጌታችን በዮርዳኖስ ተጠምቆ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የጾመው፣ ፈታኙም ቀርቦ ያናገረው እዚያ እንደ ሆነ ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። ታሪኩን በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ስለምንሰማው በደንብ እናውቀዋለን፤ ስለምናውቀውም አንድ ትልቅ ነገር ሳናስተውል እናልፋለን። ሦስት ጊዜ ተፈተነ፣ ሦስት ጊዜም መለሰ፤ ሦስቱም መልሶች የተወሰዱት ከአንድ መጽሐፍ፣ ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 እና 8 ነው። ይህ ሙሴ እስራኤልን ስለ በረሃው 40 ዓመት የሚያሳስብበት ክፍል ነው፤ ስለ ረኃቡና ስለ መናው፣ ውኃ ጠፍቶ እግዚአብሔርን ስለ ተፈታተኑበት ቦታ፣ ከጠገቡ በኋላ አምላካቸውን ረስተው ሌላ እንዳያመልኩ። አባቶች በምድረ በዳ የተሸነፉበትን ልጃቸው በምድረ በዳ ድል አደረገው፤ የመለሰውም አዲስ ቃል ፈጥሮ ሳይሆን የአይሁድ ልጅ ሁሉ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማው ያደገውን ቃል ጠቅሶ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር ዳርቻ ዋሻዎች ከተገኙት ብራናዎች መካከል ብዙ ቅጂ የተገኘላቸው መዝሙረ ዳዊት፣ ዘዳግምና ኢሳይያስ ናቸው፤ እነዚህ መጻሕፍት በዚያ ዘመን ምን ያህል ይነበቡ እንደ ነበር ከዚህ ይታያል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈታኙም ግን ጥቅስ ያውቅ ነበር። ጌታን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ራሱን ቢወረውር መላእክት እንደሚጠብቁት ከመዝሙር 90 ጠቀሰለት። ወንጌላውያኑ ይህን ሳይሸሽጉ መጻፋቸው ለሚመጣው ትውልድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ሆኗል። መጽሐፍን በአፍ ማወቅ ብቻውን ማንንም አያድንም፤ ጠላትም ያውቀዋል። ለጥቅስ በጥቅስ የመለሰው ግን አባቱን የሚያምን ልጅ ነበር።

ከዚህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እንለፍና ወደ ግብፅ እንውረድ። በ251 ገደማ በመካከለኛው ግብፅ፣ ኮማ በምትባል መንደር፣ እንጦንስ ተወለደ። ወላጆቹ ክርስቲያኖችና ባለ ሀብቶች ነበሩ። 18 ወይም 20 ዓመት ሲሆነው ሁለቱም ሞቱበትና አንዲት ትንሽ እኅትና 300 አሩራ ለም መሬት በእጁ ቀሩ። በእኛ በቀድሞው ልክ ሁለት ጋሻ ያህል ማለት ነው። ወላጆቹን ከቀበረ ስድስት ወር ሳይሞላው አንድ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወንጌል እየተነበበ ደረሰ። ንባቡ የማቴዎስ ምዕራፍ 19 ነበር፤ ጌታ ባለጠጋውን ወጣት ያለውን ሸጦ ለድኾች እንዲሰጥና እንዲከተለው የነገረበት። እንጦንስ ንባቡን ለአንድ ለሞተ ሰው የተነገረ የድሮ ታሪክ አድርጎ አልሰማውም። ወጥቶ መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች አከፋፈለ፤ ዕቃውን ሸጦ ከዋጋው ጥቂት ለእኅቱ አስቀርቶ የቀረውን ለድኾች ሰጠ። ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ነገ መጨነቅን የሚከለክለውን ንባብ ሰማና ያስቀረውንም ጨምሮ ሰጠ፤ እኅቱን ለታመኑ ደናግል አደራ ብሎ ከመንደሩ ጥግ ካሉ ባሕታውያን ዘንድ ተቀመጠ።

ገድሉን የጻፈው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ እንደሚነግረን እንጦንስ የትምህርት ቤት ሰው አልነበረም። ይሁንና የሚነበበውን እንዲህ ተጠንቅቆ ይሰማ ስለ ነበር አንዲት ቃል መሬት አትወድቅበትም፤ ልቡ የመጽሐፍ ማኅደር ሆነለት። ቀን በእጁ እየሠራ፣ ከሠራው የሚተርፈውን እየመጸወተ፣ በቃሉ የያዘውን ይደግማል።

ፈተናው በምን እንደ ጀመረ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው አባ እንጦንስ ሲባል የአውሬ መልክ ይዘው የመጡትን አጋንንት ያስባል፤ ሠዓሊዎችም ይህን ወድደው ሥለዋል። በመጀመሪያ የመጣው ግን እንዲህ ያለ አልነበረም። የመጣው አሳቢ መስሎ ነው። መሬትህስ? እኅትህን ማን ያያታል? ዘመዶችህ ምን ይሉሃል? ሰውነትህ ደካማ ነው፣ መንገዱም ረጅም ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ትችለዋለህ? እኔ የዚህን ገድል እውነተኛነት ከሁሉ ይልቅ የምቀበለው እዚህ ላይ ነው። ያን የመሰለ ሐሳብ ያልመጣበት ሰው የለም፤ ፈተና መሆኑም ቶሎ አይታወቅም፣ የኃላፊነት ስሜት ነውና የሚመስለው። ያ አልሆን ሲል ነው የወጣትነት ምኞት በሌሊት የተነሣበት። እንጦንስ ክርስቶስንና የነፍስን ክብር እያሰበ፣ እየጾመና ሌሊቱን እያነጋ ተከላከለ።

ከዚያ ወደ መቃብር ስፍራ ሄደ። አንድ ወዳጁ አልፎ አልፎ እንጀራ እንዲያመጣለት ተነጋግሮ ከአንዱ መቃብር ውስጥ ገብቶ ዘጋ። ወዳጁ ሲመጣ አጋንንት ደብድበውት መሬት ላይ ተዘርግቶ አገኘው፤ የሞተ መስሎት ተሸክሞ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ወሰደው። ሰዎቹ ለለቅሶ ተሰብስበው ዙሪያውን እንደ ተቀመጡ እንቅልፍ ጣላቸው። እኩለ ሌሊት ላይ እንጦንስ ዐይኑን ገለጠ፤ ሁሉ ተኝቷል፣ ያ ወዳጁ ብቻ ነቅቷል። በምልክት ጠርቶ ማንንም ሳይቀሰቅስ ወደ መቃብሩ መልሶ እንዲወስደው ለመነው። መቆም አቅቶት ተኝቶ ጸለየ፤ ሠራዊት ቢከብበኝ ልቤ አይፈራም የሚለውን የዳዊት መዝሙር አሳብ ይዞ በዜማ መለሰላቸው። ታላቁን ጻድቅ እንኳ በዚያች ሌሊት ትከሻውን ያበደረው አንድ ስሙ ያልተጻፈ ወዳጅ ነበር።

ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ፣ ጲስጲር ወደሚባለው የተተወ ምሽግ ገብቶ 20 ዓመት ገደማ ብቻውን ኖረ። ሊጠይቁት የመጡ ሰዎች በደጅ ሆነው የጠብ ድምፅ ይሰሙና ይደነግጣሉ፤ እርሱ ከውስጥ ሆኖ እንዲያማትቡና እንዲሄዱ ይነግራቸዋል፣ ከዚያ መዝሙሩን ሲቀጥል ይሰማሉ። በኋላ በሩን ሰብረው ሲያወጡት ሰውነቱ አልወፈረም፣ በጾምም አልሟሸሸም፤ ፊቱ የተረጋጋ ነበር። ለመነኮሳቱ ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ በኢያሪኮ ምድረ በዳ ያየነውን ያስታውሳል። አጋንንት መዝሙር የሚዘምሩ፣ ጥቅስ የሚጠቅሱ፣ ለጸሎትም የሚቀሰቅሱ መስለው ሊመጡ ይችላሉ፤ ዓላማቸው ሰውን ከአቅሙ በላይ አስጨንቀው ተስፋ ማስቆረጥ ነው አለ። ስለዚህ አባ እንጦንስ ቃሉን ያጠና ብቻ ሳይሆን ቃሉ ሲጠቀስ ወዴት እንደሚወስድ ይመረምር ነበር። በ356 በ105 ዓመቱ ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 22 ታስበዋለች።

በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ወታደሮች አትናቴዎስ ሌሊት ከሕዝቡ ጋር የሚጸልይበትን የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ሰብረው ገቡ። አትናቴዎስ አምልጦ ወደ በረሃ ሸሸ፤ ስድስት ዓመት ያህል መነኮሳት እየሸሸጉ አኖሩት። ይኸው ንጉሥ አትናቴዎስ የሾመው ፍሬምናጦስ፣ የእኛው አባ ሰላማ፣ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአርዮሳዊው ጳጳስ እንዲመረመር ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና የጻፈው ደብዳቤ ዛሬ የሚገኘው አትናቴዎስ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ ጳጳሷን ያገኘችበት እጅና የእንጦንስን ገድል የጻፈው እጅ አንድ ነው።

አትናቴዎስ ከገድሉ ሌላ ለማርቄሊኖስ የላካት መልእክት አለች፤ ስለ መዝሙረ ዳዊት የተጻፈች ናት። ሌሎቹ መጻሕፍት ምን ማድረግ እንዳለብን ይነግሩናል፤ ዳዊት ግን የራሳችንን ቃል በአፋችን ያደርግልናል ይላል አሳቧ። ከዚያ ለኀዘን ጊዜ፣ ለስደት ጊዜ፣ ለንስሓ ጊዜ፣ ጠላት ለከበበበት ጊዜ የትኛው መዝሙር እንደሚደገም አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ለፈተና ቃል አስቀድሞ የማዘጋጀት ልማድ ከዚህ ወዲያ በበረሃው እየሰፋ ሄደ።

በእነዚያ ዐሠርት ዓመታት በአስቄጥስ ገዳም፣ ዛሬ ዋዲ ናጥሩን በሚባለው ሸለቆ፣ አንድ ግዙፍ ጥቁር ሰው መጣ። ምንጮቹ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉታል፤ እኛ ሙሴ ጸሊም እንለዋለን። የአንድ ሹም ባሪያ ነበር፤ በሌብነትና በክፋቱ ተባርሮ የሽፍቶች አለቃ ሆነ። አንድ እረኛ በውሾቹ ጩኸት ሥራውን ስላሰናከለበት ሊገድለው ቂም ያዘ፤ ሌሊት ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ዓባይን ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ሸሽቶ ቢያጣው አራት ሙክት አርዶ፣ በገመድ አስሮ፣ እየጎተተ ዋኝቶ ተመለሰ። ታሪኩን የጻፈው ጳላድዮስ ይህን የሚነግረን ሙሴ ምን ያህል ጉልበት እንደ ነበረው ልናውቅ ነው። ጉልበቱ ግን ገዳም ከገባ በኋላ ምንም አልረዳውም።

የዝሙት ሐሳብ ሲበረታበት ወደ አስቄጥሱ ቄስ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ መቋቋም እንዳቃተው ነገረው። ኤስድሮስ አልገሠጸውም። ይዞት ወደ ጣራ ወጣና ወደ ምዕራብ እንዲያይ አደረገው፤ ለጦር የተሰለፉ አጋንንት አየ። ወደ ምሥራቅ አዞረው፤ ቁጥር የሌላቸው መላእክት አየ። ከእኛ ጋር ያሉት ይበዛሉ አለው፤ ኤልሳዕ በዶታይን ለፈራው ሎሌው ያሳየውን ነው ያሳየው። ሙሴ ወደ በዓቱ ተመለሰ። ጦርነቱ ግን በዚያች ቀን አላለቀም። ዓመታት ሙሉ ሌሊቱን ቆሞ ያድር ጀመር፤ ደግሞም ሌሊት እየተነሣ የሸመገሉትን መነኮሳት እንስራ ከሩቅ ጉድጓድ ውኃ እየቀዳ ይሞላላቸው ነበር። የሽፍታ ጉልበቱን ያዋለው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ከግብፅ ወጥተን ወደ ቁስጥንጥንያ እንሻገር። በ381 ታላቁ ጉባኤ በተደረገባት ከተማ አንድ የ36 ዓመት ገደማ ዲያቆን ነበር፤ ስሙ ኤዋግሪስ፣ የጳንጦስ አገር ሰው፣ የገጠር ጳጳስ ልጅ። ታላቁ ባስልዮስ አናጉንስጢስነት፣ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ዲቁና ሰጥተውታል። አንደበቱ የተባ፣ መናፍቃንን በክርክር የሚረታ፣ ከተማው የሚያጨበጭብለት ነበር። በዚህ መካከል የአንድ ታላቅ ሹም ሚስት ወደደ፤ እርሷም ወደደችው። ከኃጢአቱ ሊያመልጥ ቢፈልግም እግሩ አልሄድ አለው። አንድ ሌሊት ሕልም አየ። መላእክት በወታደር ልብስ አስረውት፣ አንገቱ በብረት ተይዞ፣ ለምን እንደ ታሰረ ሳይነግሩት ቆሟል። አንድ ወዳጁ መጥቶ ከዚህች ከተማ ለመውጣት በወንጌል እንዲምል ጠየቀው፤ ማለ። ነቃ።

ሕልም ነው ብሎ ሊተወው ይችል ነበር። እርሱ ግን በሕልም ቢሆንም በወንጌል ምያለሁ ብሎ ዕቃውን ጭኖ በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ። በደብረ ዘይት ገዳም የመሠረተችው ሮማዊቷ ሜላንያ ተቀበለችው፤ አብሯት የነበረው ሩፊኖስ ስለ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ወደ አክሱም መምጣት የጻፈልን ያው ሩፊኖስ ነው። ኤዋግሪስ ግን ቅድስት አገር ደርሶም አልተለወጠም። ልብስ ማማረጡን፣ በንግግሩ መመካቱን ቀጠለ፣ የመመንኮሱን ሐሳብም ተወው። ከዚያ ስድስት ወር ሙሉ የንዳድ በሽታ ጣለው፤ ሐኪሞች መድኃኒት አጡለት። ሜላንያ ቀረብ ብላ በሽታው የሥጋ ብቻ እንዳልመሰላትና በልቡ ያለውን እንዲነግራት እንደ እናት ጠየቀችው። ሁሉን ነገራት። ሊመነኩስ ቃል ከገባ እንደምትጸልይለት ነገረችው፤ ቃል ገባ፤ በጥቂት ቀን ተነሣ። በ383 ወደ ግብፅ ወርዶ በኒጥሪያ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ይበልጥ ገባ ባለው በኬልያ በረሃ እስከ ዕለተ ሞቱ 14 ዓመት ኖረ። ታላቁን መቃርስን አባት አደረገ።

እርሱ በኬልያ በዓቱ ሳለ፣ በ386 በበጋ፣ በሰሜን ኢጣልያ በሚላን ከተማ የ31 ዓመት የንግግር ጥበብ መምህር በቤቱ ተቀምጧል። አውግስጢኖስ ነው፤ ከዛሬዋ አልጄርያ የመጣ አፍሪቃዊ። ክርስትና እውነት መሆኑን አእምሮው ከተቀበለ ቆይቷል፤ ከሴት ጋር ያለውን ልማድ ግን መተው አልቻለም። በዚያ ቀን ጶንቲክያኖስ የሚባል የቤተ መንግሥት ሹም፣ የአገሩ ልጅ፣ ሊጠይቀው መጣ። በጨዋታ ጠረጴዛው ላይ አንድ መጽሐፍ አይቶ ሲገልጠው የጳውሎስ መልእክታት ሆኖ አገኘውና ተገረመ። ወሬ ከወሬ ሲነሣ ስለ ግብፃዊው እንጦንስ አወራላቸው። አውግስጢኖስና ወዳጁ አሊጵዮስ ስሙን እንኳ ሰምተው አያውቁም ነበር! ከዚያ በትሪየር የሆነውን ነገራቸው። ሁለት ጓደኞቹ በአትክልት ስፍራ ሲንሸራሸሩ ወደ አንድ ደሳሳ ቤት ገብተው የእንጦንስን ገድል አገኙ፤ እዚያው አንብበው ሹመታቸውን ትተው መነኑ፤ እጮኞቻቸውም ይህን ሲሰሙ በድንግልና ለእግዚአብሔር ተሰጡ።

እንግዳው እንደ ሄደ አውግስጢኖስ ወደ ቤቱ አትክልት ስፍራ ወጣ፤ አሊጵዮስ ተከተለው። ያልተማሩት መንግሥተ ሰማያትን ሲወስዱ እኛ ከነትምህርታችን በጭቃ ውስጥ ቀረን እያለ ይቃጠል ነበር። የቆዩ ምኞቶቹ ከኋላው ልብሱን እየጎተቱ ለዘላለም ልትተወን ነው ወይ የሚሉት መሰለው። ከአሊጵዮስ ራቅ ብሎ ከበለስ ሥር ተደፍቶ አለቀሰ። ከጎረቤት አንድ ሕፃን መጽሐፍ አንሥቶ እንዲያነብ የሚያዝዝ የሚመስል ነገር በዜማ እየደጋገመ ሲል ሰማ። ልጆች እንዲህ የሚሉበት ጨዋታ አለ ወይ ብሎ አሰበ፤ አልታወሰውም። በዚያች ቅጽበት የታወሰው ጥቂት ቀደም ብሎ የሰማው የእንጦንስ ታሪክ ነው፤ እንጦንስ ሲገባ የተነበበውን ወንጌል ለእኔ ነው ብሎ ነበርና። ሮጦ ወደ አሊጵዮስ ተመለሰ፣ መጽሐፉን ገለጠ፣ ዐይኑ ያረፈበትን አነበበ። ሮሜ 13፥13-14 ነበር፤ ስካርንና ዝሙትን ትቶ ኢየሱስ ክርስቶስን ስለ መልበስ የሚናገረው። ከዚያ በላይ ማንበብ አላስፈለገውም። አሊጵዮስም መጽሐፉን ተቀብሎ ቀጣዩን ቁጥር፣ በእምነት የደከመውን ስለ መቀበል የሚናገረውን አየና ይህ የእኔ ነው አለ። ሁለቱም ገብተው ለአውግስጢኖስ እናት ለሞኒካ ነገሯት። በ387 በፋሲካ ሌሊት አምብሮስዮስ አጠመቃቸው።

ከኮማ ቤተ ክርስቲያን እስከ ሚላን አትክልት ስፍራ 115 ዓመት ያህል አለፈ፤ በሁለቱም ቦታ ሰውን ያስነሣው የተሰማ ቃል ነው። አውግስጢኖስ ከዚያ ቀን በኋላ አልተፈተነም ብሎ የሚያስብ ቢኖር ግን ተሳስቷል። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ጳጳስ ሆኖ፣ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ 10ኛ ክፍል የሌሊት ሕልም፣ የምግብ ጣዕም፣ የዜማ ደስታ፣ የሰው ምስጋና ዛሬም እንደሚያታግሉት ጽፏል። በዚያ ክፍል ያለው ቅንነት ከመመለሱ ታሪክ ይልቅ ያበረታኛል።

ወደ ኬልያ እንመለስ። ኤዋግሪስ መጽሐፍ እየገለበጠ በሚያገኘው ዋጋ ለራሱ የሚበቃውን ያህል ብቻ እየበላ፣ በዋናነት ደረቅ እንጀራና ጥቂት ዘይት እየቀመሰ ይኖር ነበር። የዝሙት ሐሳብ ሲነድድበት በክረምት ሌሊት ራቁቱን በውኃ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ አድሯል። ነገር ግን ከሌሎች የለየው ይህ አይደለም። እርሱ ሐሳብን መረመረ። ወደ መነኩሴ ልብ የሚመጡትን ክፉ ሐሳቦች በስምንት ከፈላቸው፦ ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ የገንዘብ ፍቅር፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ መሰልቸት፣ ከንቱ ውዳሴና ትዕቢት። ሐሳቡ መምጣቱ በእኛ ፈቃድ አይደለም፤ መቆየት አለመቆየቱ ግን በእኛ ነው አለ። የገንዘብ ፍቅር በምን ቃል እንደሚመጣ ሲጽፍ ልብ ይነካል፤ ስለ ረጅም እርጅና፣ መሥራት ስለማይችል እጅ፣ ሊመጣ ስላለው ረኃብና በሽታ፣ ከሌላ ሰው ስለ መቀበል ውርደት ያስባል ይላል። ስስት የሚመስለን ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው።

ከስምንቱ ሁሉ የከበደው ለእርሱ መሰልቸት ነው፤ የቀትር ጋኔን የሚለውን ስም ከመዝሙር 90 ወስዶ ሰጠው፤ ሰይጣን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ ከጠቀሰው ከዚያው መዝሙር። ከ4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ይጫናል ይላል፤ የግብፅ መነኮሳት ሰዓት ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ስለሚቆጠር እኛ ዛሬም በምንቆጥረው ሰዓት ማለት ነው። ፀሐይዋ የቆመች፣ ቀኑም 50 ሰዓት ያለው ይመስላል። መነኩሴው ደጋግሞ ወደ መስኮት ያያል፣ ብቅ ብሎ ለማዕዱ ሰዓት፣ ለ9 ሰዓት፣ ስንት እንደ ቀረው ይመለከታል። ከዚያ ቦታውን ይጠላል፣ ሥራውን ይጠላል፣ ከወንድሞች መካከል ፍቅር ጠፍቷል ብሎ ያስባል፣ ሰሞኑን ያስቀየመው ሰው ካለ እርሱን ያስታውሳል፤ እግዚአብሔርን በየትም ማገልገል ይቻላል፣ ሌላ ቦታ ይሻላል ይላል። መድኃኒቱ ነፍስን ለሁለት ከፍሎ አንዷ ሌላዋን እንድታጽናና ማድረግ ነው፤ ዳዊት በመዝሙር 41 ነፍሱን ለምን እንዳዘነች እየጠየቀ በእግዚአብሔር እንድትታመን ይነግራታልና።

ሉቅዮስ የሚባል መነኩሴ ስለ አጋንንት መዋጋት እንዲጽፍለት ጠየቀው። ኤዋግሪስም መልስ የመስጠትን መጽሐፍ ጻፈ። ስምንት ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱ ክፍል ሐሳቡ ምን እንደሚል በአጭሩ ይቀመጣል፣ ከሥሩ የሚመለስለት ቃል ይጠቀሳል፤ ጥቅሶቹም ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምረው በመጻሕፍቱ ቅደም ተከተል ይወርዳሉ። በጠቅላላው ወደ 500 ይጠጋሉ። ምክንያቱን በመግቢያው ተናግሯል። ጌታችን በምድረ በዳ ያደረገውን እያየን እንድንከተል ሰጥቶናል፤ ቃሉ ግን በመጻሕፍት ሁሉ ተበትኗል፤ በጦርነት ሰዓት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ በሰላሙ ጊዜ ሰብስቦ አዘጋጀው። የቁስጥንጥንያው ተከራካሪ የክርክር ስጦታውን አልጣለውም፤ አሁን የሚረታው ከገዛ ልቡ የሚነሣውን ድምፅ ሆነ። በ399 በጥምቀት በዓል፣ በ54 ዓመቱ ሲያርፍ፣ የሥጋ ምኞት ካላስቸገረው ሦስተኛ ዓመቱ መሆኑን ለደቀ መዛሙርቱ ነግሯቸዋል። ቁስጥንጥንያን ከለቀቀ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው።

እርሱ እንዳረፈ በጥንቱ ሊቅ በኦሪጀን ትምህርት ምክንያት ጠብ ተነሣ፤ በ400 ሊቀ ጳጳሱ ቴዎፍሎስ ብዙ መነኮሳትን ከኒጥሪያና ከኬልያ አሳደደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የበረሃ ወራሪዎች አስቄጥስን ወረሩ። በዚያ ጊዜ ሙሴ ጸሊም ሸምግሎ፣ ቄስ ሆኖ፣ የብዙዎች አባት ነበር። አንድ ወንድም በድሎ ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ በተቀደደ ቅርጫት አሸዋ ተሸክሞ የመጣው እርሱ ነው፤ የራሴ ኃጢአት ከኋላዬ ይፈስሳል፣ አላየውም፣ በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ወራሪዎቹ ሲቀርቡ ወንድሞች እንዲሸሹ መከረ፤ እርሱ ግን አልሄድም አለ። ጌታ ለጴጥሮስ በጌቴሴማኒ ሰይፍ ስለሚያነሡ ሰዎች የነገረው ቃል በእርሱ እስኪፈጸም ብዙ ዓመት እንደ ጠበቀ ተናገረ። ሰይፍ በጥርሱ ነክሶ ዓባይን የተሻገረው ሰው ጥቅሱን ለራሱ ወስዶት ነበር። ሰባት ሆነው ሞቱ። ሰኔ 24 ይታሰባል።

የተበተኑት መነኮሳት ያጠኑትን ይዘው ሄዱ። ከእነርሱ አንዱ፣ ዮሐንስ ካስያን፣ በ415 ገደማ ማርሴይ ደርሶ በላቲን ጻፈ፤ ስምንቱን ሐሳቦች ለምዕራቡ ዓለም አስተማረ፤ በ6ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጎርጎርዮስ ዘሮሜ አስተካክሎ ሰባት ያደረጋቸው እነዚህን ነው። ካስያን ከግብፁ አባ ይስሐቅ የተማረው ምክር ደግሞ ለደካማ ሰው ይስማማል። 500 ጥቅስ ማስታወስ ያልቻለ አንዲቱን የመዝሙር 69 መጀመሪያ፣ እግዚአብሔር ፈጥኖ እንዲረዳ የምትለምነውን፣ ሲርበውም፣ ሲቆጣም፣ ሲያንቀላፋም፣ ሲመካም ይበላት። የኤዋግሪስ ስም በ553 በቁስጥንጥንያ ከተደረገው ጉባኤ ጋር ተያይዞ ተወገዘ፤ የመልስ መጽሐፉ የግሪክ ቅጂ ጠፋ፣ ሶርያውያንና አርመኖች ግን በየቋንቋቸው አቆዩት።

ወደ እኛም ደረሰ። በአክሱም ዘመን የእንጦንስ ገድልና የጳኩሚስ ሥርዓት ከግሪክ ወደ ግእዝ ተተረጎሙ፤ ተስዓቱ ቅዱሳን ገዳማትን በተከሉበት አገር መነኮሳት በየዕለቱ ዳዊት ይደግማሉ። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል የለየ ልጅ ከመጀመሪያዎቹ ንባቦቹ አንዱ የዮሐንስ መልእክት ነው፤ ምዕራፍ 2 ቃሉ በውስጣቸው ስለሚኖር ክፉውን ስላሸነፉ ጎልማሶች ይናገርና ወዲያው የሥጋን ምኞት፣ የዐይንን አምሮትና የኑሮን ትምክሕት ያነሣል። ከዚያ ወንጌለ ዮሐንስ ይከተላል፣ ከዚያ ዳዊት፤ ዳዊት የደገመ ልጅም መዝሙር 41ን፣ 69ንና 90ን በአንደበቱ ይዞ ከመምህሩ ይለያል።